ለአሜሪካ የግል ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል? ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

ስማቸው በሚጠራው የአሜሪካ የግል ኮሌጆች የአንድ ዓመት ወጪ፣ ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡና የጤና መድኅኑ ሲደመር፣ በብዙዎቹ ዘንድ ከ80,000 ዶላር ይበልጣል። ይህን አኃዝ አይተው ማመልከቻውን ገና ሳይጀምሩ የሚተዉ ጎበዝ ልጆች አሉ። እጅግ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ኮሌጆች መካከል የተወሰኑት የተቀበሉት ተማሪ ቤተሰብ የማይችለውን ወጪ ከራሳቸው ገንዘብ ይሸፍናሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ተማሪ እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚሰጡት ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ አቅም አነስተኛ የሆነ ተማሪ ተስፋ ሊያደርግ የሚገባው በግል ኮሌጆች ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ላይ ኮሌጁ «ይህ ቤተሰብ ሊከፍል ይችላል» ብሎ የገመተው ይቀነሳል፤ የሚቀረው የተማሪው የገንዘብ ፍላጎት ይባላል። ድጋፉ የሚሰላው በዚህ ክፍተት ነው፤ ውጤት ከፍ ስላለ አይጨምርም። ውጤትና ድርሰት የሚያስፈልጉት ለመቀበል ነው።

መጀመሪያ ኮሌጆቹን ለዩ

ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ጠይቁ። አንደኛው፦ ኮሌጁ ተማሪ ሲመርጥ የገንዘብ አቅሙን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም? ሁለተኛው፦ ከተቀበለ በኋላ ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ወይስ በከፊል? ለአሜሪካውያን የተጻፈው መልስ ለውጭ ተማሪ ላይሠራ ስለሚችል፣ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ስለ ውጭ አገር አመልካቾች የሚናገረውን ክፍል ፈልጋችሁ አንብቡ።

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ እና ቦዶይን የውጭ አገር አመልካችን አቅም ሳይመለከቱ ይመርጣሉ፤ ለተቀበሉትም ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ወደ እነዚህ መግባት ግን እጅግ ከባድ ነው። ዊሊያምስና ስዋርትሞርን የመሳሰሉት ደግሞ ሲመርጡ የውጭ ተማሪን አቅም ከግምት ያስገባሉ፤ የተቀበሉትን ግን ሙሉ በሙሉ ይደግፋሉ። ከሁለቱም ዓይነት ቀላቅላችሁ ብታመለክቱ ይሻላል። «ለሁሉም ተማሪ በከፊል እንረዳለን» የሚለውን ኮሌጅ ግን በጥንቃቄ ተመልከቱት። ግማሹን የሚሸፍን ድጋፍ ሲሰሙት ትልቅ ነው፤ ቀሪው 40,000 ዶላር ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ግን ጥቅም የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የማይመለስ ውሳኔ አለ። ብዙ ኮሌጆች መግቢያ ሲጠየቅ ድጋፍ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም። የመቀበል ዕድልን ከፍ ለማድረግ ብላችሁ «ድጋፍ አልፈልግም» የሚለው ላይ ምልክት አታድርጉ። ተቀብለዋችሁም መሄድ አትችሉም።

ፋፍሳ የማን ነው?

ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ለዜጎች፣ ለቋሚ ነዋሪዎችና እንደ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት እንደተሰጣቸው ላሉ ጥቂት ሌሎች ነው። በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው በእርሱ የፌዴራል ገንዘብ አያገኝም። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ «ፋፍሳ ሞላችሁ?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ የሚነግሯችሁ የራሳቸውን ልጆች መንገድ ነው። የእናንተ ዋና ቅጽ በአብዛኛው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተሰኘው የድጋፍ መጠየቂያ ነው። የራሳቸውን ቅጽ የሚጠቀሙ ኮሌጆችም ስላሉ የእያንዳንዱን መመሪያ ተመልከቱ።

ሰነድ ማሰባሰብ

ብዙ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው፤ በክረምቱ መጀመር አለበት። ወላጅ ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን፣ የተቆረጠውን ግብርና ጡረታ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስጽፉ። ነጋዴ ከሆነ የንግድ ፈቃድና ግብር የከፈለበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ገበሬ ከሆነ፣ ወይም ቋሚ ገቢ ከሌለው፣ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የሚገኝ ማስረጃ እና የዓመቱን ምርትና ሽያጭ የሚያስረዳ በወላጅ የተፈረመ ጽሑፍ አያይዙ። የባንክ ሒሳብ መግለጫም ይጠየቃል። ለትርጉም ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ምን ዓይነት ትርጉም እንደሚቀበል በኢሜይል ጠይቁ።

ስለ ባንኩ ሒሳብ ልብ በሉ። ለቪዛ ይጠቅማል ተብሎ ከዘመድ ገንዘብ ተበድሮ ሒሳብ ማሳበጥ የተለመደ ሆኗል። ለድጋፍ ጠያቂ ይህ ራስን መጉዳት ነው፤ ኮሌጁ ያንን ገንዘብ የቤተሰቡ ሀብት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያም በላይ ውሸት ነው፤ ከተደረሰበት መቀበሉ ራሱ ሊሰረዝ ይችላል። ያላችሁን በትክክል ጻፉ። ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም፤ ድጋፉ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

ቅጹን መሙላት

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በየዓመቱ በጥቅምት 1 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ይከፈታል። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኮሌጅ 16 ዶላር ይከፈልበታል። በገቢ ማነስ ምክንያት በቀጥታ ከክፍያ ነፃ የሚሆኑት አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው፤ አንዳንድ ኮሌጆች ግን ለውጭ ተማሪ የነፃ መሙያ ኮድ ይሰጣሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ለድጋፍ ቢሮው አጭርና ትሑት ኢሜይል ጻፉ። ኮድ የማይሰጡትም ብዙ ጊዜ ሌላ ነፃ ቅጽ እንዳላቸው ይነግሯችኋል።

ገንዘቡን በብር ጻፉ፤ የአገራችሁን ገንዘብ ከመረጣችሁ ቅጹ ራሱ ይመነዝረዋል። በራሳችሁ ምንዛሪ አታስሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ በአሮጌ ተመን የተሰላ ገቢ ቤተሰባችሁን ከእውነቱ ሁለት እጥፍ ሀብታም ያስመስላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። ቅጹ ገቢን የሚጠይቀው ከጥር እስከ ታኅሣሥ ባለው የፈረንጆች ዓመት ነው፤ የእኛ የበጀት ዓመት ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2025 ገቢ ከተጠየቃችሁ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለውን ደምሩ። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን የሒሳብ ክፍል ሠራተኛም ሁለቱንም አቆጣጠሮች እንዲጠቅስ ለምኑት።

ስማችሁን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳይቀየር፣ በሁሉም ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት አድርጉ። እናትና አባት የጋራ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ይህንን የማያውቅ ሰው ወላጆቻችሁ ያልተጋቡ ሊመስሉት ይችላሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ወላጆቻችሁ በእርግጥ ከተለያዩ ደግሞ ብዙ ኮሌጆች የሁለቱንም መረጃ ይፈልጋሉ። አንደኛው ወላጅ ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነ ከዚህ ግዴታ ነፃ እንዲያደርጓችሁ የሚጠይቅ ማመልከቻ አለ።

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ካለ አትደብቁ። አክስት ከዱባይ በየጊዜው የምትልከው የቤት ኪራዩን የሚከፍል ከሆነ ገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ «ልዩ ሁኔታዎች» የሚለውን ባዶ ሳጥን በሚገባ ተጠቀሙበት። የሚያነበው ሰው አያት፣ የሙት ወንድም ልጆችና ገጠር ያሉ ዘመዶች በአንድ ደመወዝ እንደሚኖሩ አያውቅም። በጦርነት የተዘጋ ሱቅ፣ የተፈናቀለ ቤተሰብ፣ የታመመ ወላጅ ካለ፣ መቼ እንደሆነና ገቢውን በምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር ጻፉ። ልመና አይሁን፤ ማስረዳት ይሁን።

ቀኖቹ

ቀደም ብሎ የሚመለከትበት ማመልከቻ ማብቂያ ብዙ ቦታ ኅዳር 1፣ መደበኛው ደግሞ በጥር መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ሁለቱም በፈረንጆች። የድጋፍ ሰነዶች ማብቂያ ከመግቢያው የተለየ ሊሆን ይችላል። ካስገባችሁ በኋላ የኮሌጁን የአመልካች ገጽ በየሳምንቱ ክፈቱ፤ «ሰነድ ይጎድላል» የሚለው ማስታወቂያ የሚወጣው እዚያ ነው።

በገንዘብ «ሙሉ ነፃ ትምህርት አስጨርሳለሁ» ለሚል ደላላ ምንም አትክፈሉ። ድጋፉን የሚወስነው ኮሌጁ ብቻ ነው።

መልሱ ሲመጣ

የድጋፍ ደብዳቤው ላይ የማይመለስ እርዳታ፣ ብድርና በግቢው ውስጥ ሠርታችሁ የምታገኙት ገንዘብ ተቀላቅለው ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ለዩአቸው። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በግቢ ውስጥ እንድትሠሩ ስለሚፈቅድ ይህ ሊደረስበት የሚችል ነው። ብድር ግን አሜሪካዊ ዋስ ሊጠይቅ ይችላል። የአውሮፕላን ትኬትና የጤና መድኅን መካተታቸውን ጠይቁ።

ገንዘቡ ካልበቃ ቢሮውን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ መብታችሁ ነው። አዲስ ማስረጃ ይዛችሁ ጠይቁ፤ ከሌላ ኮሌጅ የተሻለ ደብዳቤ ካላችሁም አያይዙት።

ከተስማማችሁ በኋላ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለውን ሰነድ ይልካል። ለቪዛ ቃለ መጠይቁ ይህንን ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፤ ሴቪስ ለተባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ የሚከፈለው 350 ዶላርም ቀድሞ መከፈል አለበት። ድጋፉ በብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ እንደገና የሚጠየቅ ስለሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሰነዶቹን ሁሉ ቅጂ ለወላጆቻችሁ ትታችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት የደመወዝ ደብዳቤውን የሚያወጡላችሁ እነርሱ ናቸው።