የላፕቶፕ ፎልደርን ለዶከር ኮንቴይነር ማጋራት፦ ኮዱ በየት፣ ዳታቤዙ በየት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ኮዱ ላይ አንዲት መስመር በነካ ቁጥር ኢሜጁን (ዶከር ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የሚያሽግበትን ጥቅል) እንደ አዲስ ቢልድ የሚያደርግ ልጅ ሞልቷል። የኢሜጁ አሠራር የተጻፈበት ዶከርፋይል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ኮዱን በሙሉ ኮፒ ያደርግና ከዚያ በኋላ ፓኬጆቹን ያወርዳል፤ ስለዚህ አንድ ፊደል ስትቀየር ማውረዱ ከዜሮ ይጀምራል፣ ያውም በሞባይል ዳታ። ካርድ ይበላል፣ ቀኑንም ይበላል። እየጻፋችሁ እየሞከራችሁ ላላችሁት ሥራ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ፎልደሩ ላፕቶፓችሁ ላይ እንዳለ ኮንቴይነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው) እንዲያየው አድርጉ፣ በቃ።

ትዕዛዞቹን እዚህ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቧቸው።

ለምሳሌ ሰኞ ገበያ ላለ አንድ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ እየሠራችሁ ነው እንበል። ኮዱ «ሱቅ» የሚባል ፎልደር ውስጥ አለ። እንዲህ ትላላችሁ፦

ዶከር ረን -ቪ /ሆም/ተማሪ/ሱቅ:/አፕ የኢሜጁ ስም

ከሁለቱ ነጠብጣቦች በግራ ያለው የላፕቶፑ መንገድ ነው፣ በቀኝ ያለው የኮንቴይነሩ። ይሄ ባይንድ ማውንት ይባላል። ኮፒ አይደለም፤ ሁለቱም የሚያዩት አንዱኑ ፋይል ነው። ላፕቶፑ ላይ ሴቭ ስታደርጉ ኮንቴይነሩ ውስጥ ወዲያው ይታያል፣ ኮንቴይነሩ ፋይል ቢሰርዝም ከላፕቶፓችሁ ነው የሚጠፋው። ይቺን ኋለኛዋን አትርሷት። ኮንቴይነሩ ማንበብ ብቻ የሚበቃው ከሆነ፣ ለምሳሌ የኮንፊግ ፋይል ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ «:አርኦ» ጨምሩበትና ሰላማችሁን አግኙ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሸወድበት ቦታ። መንገዱን ሙሉውን ትታችሁ «ሱቅ:/አፕ» ብቻ ብትጽፉ ዶከር አይቆጣም። ሱቅ የሚባል ቮልዩም (ዶከር ራሱ የሚያስተዳድረው የዳታ ማስቀመጫ) ማለታችሁ ነው ብሎ አዲስ ይፈጥራል፣ ቮልዩሙ ባዶ ስለሆነም ኢሜጁ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ኮድ ይገለብጥበታል። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ስክሪኑ ይታያል፣ ግን ምንም ብትቀይሩ አይለወጥም። ሰው እዚህ ላይ ብሮውዘሩን ሲወቅስ ይውላል! መንገዱ በእዝባር «/» ወይም፣ ዶከራችሁ አዲስ ከሆነ፣ በነጥብና እዝባር «./» ይጀምር፣ ወይም «$(ፒደብሊውዲ)» ብላችሁ አሁን ያላችሁበትን ፎልደር ራሱ እንዲሞላ አድርጉ። ኮምፖዝ ፋይል (የኮንቴይነሮቹን ትዕዛዝ አንድ ላይ የምትጽፉበት) ውስጥም «./» ይበቃል፤ ከፋይሉ ቦታ ተነስቶ ያገኘዋል።

የመንገዱን ስም ስትስቱም -ቪ ያው ነው። ፎልደሩ ከሌለ ባዶ ፎልደር ፈጥሮ ይቀጥላል፣ ሊኑክስ ላይ ባለቤቱም ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ይሆናል። እኔ ለዚህ ብዬ ረጅሙን አጻጻፍ እመርጣለሁ፦

--ማውንት ታይፕ=ባይንድ,ሶርስ=/ሆም/ተማሪ/ሱቅ,ታርጌት=/አፕ

ለመጻፍ ይሰለቻል፣ ግን ፎልደሩ ከሌለ የለም ብሎ ይቆማል። ስህተቱን ፊት ለፊት የሚነግር ይሻላል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ ማውንት ያደረጋችሁበት የኮንቴይነሩ ፎልደር ውስጥ የነበረው ነገር ይሸፈናል። አክንባሎ እንደተደፋበት ምጣድ ነው፤ ከታች ያለው አልጠፋም፣ ግን አታዩትም። ኖድ ጄኤስ የምትሠሩ ሰዎች «ሞጁል አልተገኘም» የሚለውን የምታዩት በዚህ ነው፦ ኖድ_ሞጁልስ (ፓኬጆቹ ያሉበት ፎልደር) ኢሜጁ ውስጥ ተጭኖ ነበር፣ የላፕቶፓችሁ ፎልደር ግን ከላዩ መጥቶ ከደነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀጥሎ ሁለተኛ «-ቪ /አፕ/ኖድ_ሞጁልስ» መጨመር ነው፣ በግራ ምንም ሳይጻፍ። ዶከር ለዚያች ፎልደር ብቻ የራሷን ቮልዩም ይሰጥና ኢሜጁ ውስጥ በነበሩት ፓኬጆች ይሞላታል።

ወደ ፐርሚሽን (ፋይል የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ) እንምጣ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ሰው የሚማረረው በዚህ ነው። ሊኑክስ ፋይሉ የማን እንደሆነ የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ኡቡንቱ ስትጭኑ መጀመሪያ የሚፈጠረው ተጠቃሚ ቁጥሩ 1000 ነው፣ ሩት ደግሞ 0። ብዙ ኢሜጆች ሌላ ካልተነገራቸው በሩት ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ኮንቴይነሩ የጻፈውን ሪፖርት ላፕቶፓችሁ ላይ ልታርሙ ስትሉ አይቻልም ትባላላችሁ። በራሳችሁ ቤት እንግዳ ሆናችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ በቻሞድ 777 ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ይሰጥና ይገላገላል። አታድርጉት። ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚና ፕሮግራም እንዲጽፍበት ነው የፈቀዳችሁለት፣ ደግሞም የሩት ቁጥር ያላቸው አዳዲስ ፋይሎች መፈጠራቸው አይቀርም። ይልቅ ኮንቴይነሩን ስታስነሱ «-ዩ $(አይዲ -ዩ):$(አይዲ -ጂ)» ጨምሩ፤ በእናንተው ቁጥር ይሠራል፣ የሚጽፈውም የእናንተ ይሆናል። አንዳንድ ኢሜጅ በዚህ መልክ እሺ ብሎ አይነሳም፤ ያኔ ፎልደሩን ኢሜጁ ለሚጠቀምበት ቁጥር በቻውን (ባለቤት በሚቀይረው ትዕዛዝ) መስጠት ነው።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ፣ ፕሮጀክቱን ሲ ድራይቭ ላይ አታስቀምጡ። ዶከር ዴስክቶፕ ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያሠራው) ላይ ሲሠራ ኮንቴይነሮቹ ያሉት ሊኑክስ ውስጥ ነው፣ እያንዳንዱ ፋይል በተነበበ ቁጥር በሁለቱ ሲስተሞች መሀል ይመላለሳል። ይንቀረፈፋል፣ ኮድ ስትቀይሩ ራሱን የሚያድሰው ሰርቨርም ለውጡን አይሰማም። እዚያው ሊኑክሱ ሆም ፎልደር ውስጥ አስገቡት፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ፌዶራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ አሁንም ከተከለከለ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው የሊኑክስ ተጨማሪ ጥበቃ ነው፦ መጨረሻ ላይ ትልቁን «:ዜድ» ይጨምር፣ ሙሉ ሆም ፎልደሩ ላይ ግን በፍጹም።

ዳታቤዝን ባይንድ ማውንት አታድርጉት። ይቻላል፣ ግን የፐርሚሽን ጣጣው አይለቃችሁም። ስም ያለው ቮልዩም ስጡት፦ «-ቪ ሱቅ_ዳታ:/ቫር/ሊብ/ማይኤስኪውኤል»። ቅድም ወጥመድ ያልናት ስም ብቻ የመጻፍ ነገር እዚህ ቦታዋን አገኘች።

መብራት ጠፋ፣ ዳታዬም አብሮ ጠፋ የሚል ሰው አይጠፋም። አብሽሩ፣ ኮንቴይነር ስለቆመ ውስጡ ያለው አይጠፋም። የሚጠፋው ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ ነው፣ ቮልዩም ካለው ያኔም ይተርፋል። በእርግጥ መብራቱ የሄደው ዳታቤዙ እየጻፈ ባለበት ሰዓት ከሆነ ሌላ ጣጣ ሊኖር ይችላል፤ ለእሱ ባካፕ ነው መድኃኒቱ። ከመብራቱ ይልቅ የምትፈሩት «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን -ቪ»ን ይሁን። እዚህ ያለችው -ቪ ቮልዩሞቹንም ጠራርጋ ትወስዳለች፣ አንዴ እንኳን እርግጠኛ ነህ ወይ አትልም።

ሥራውን ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላለ ጓደኛ በፍላሽ የምታደርሱ ከሆነ «ዶከር ሴቭ» ኢሜጁን ወደ ፋይል ይቀይረዋል፣ እሱ ጋ «ዶከር ሎድ» ይላል፣ ማንም ዳታ አያባክንም። ግን ሴቭ ቮልዩም አይዝም፣ ባይንድ ያደረጋችሁትንም ፎልደር አይዝም። ኮዱን ለብቻ ኮፒ አድርጉ። ዳታቤዙን ደግሞ ኮንቴይነሩ እየሠራ እያለ በማይኤስኪውኤል ዳምፕ ወደ አንድ ፋይል አውጡትና እሱንም ፍላሹ ላይ ጨምሩ።