አዲስ የፍላተር ፕሮጀክት በአንድሮይድ ስልክ ላይ አልነሳ ሲል

ለአንድሮይድም ለአይፎንም በአንድ ኮድ የሚሠራ አዲስ የፍላተር ፕሮጀክት ፈጥሬ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ለማስነሳት ስሞክር፣ ከኮዱ አንድም መስመር ሳይነካ ግንባታው የክላስ ፋይል (ተተርጉሞ ለመሥራት የተዘጋጀ የጃቫ ኮድ) ቅጂ 65 አይደገፍም በሚል የስሕተት መልእክት ተቋረጠ። መፍትሔው የሚጀምረው ከዚሁ ቁጥር ነው፤ ከ65 ላይ 44 ሲቀነስ የሚገኘው 21 በሥራ ላይ ያለው የጃቫ ቅጂ ነው። ፍላተር ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያ ከሆነው ከአንድሮይድ ስቱዲዮ ጋር የሚመጣውን ጃቫ ይጠቀማል፤ ስቱዲዮው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሌዲባግ በተባለው ቅጂው ወደ ጃቫ 21 ተሻግሯል። በፕሮጀክቱ ውስጥ የነበረው ግሬድል (ኮዱን ወደ አንድሮይድ መተግበሪያ የሚገነባው መሣሪያ) ግን ቅጂው 7.6 ሲሆን፣ በጃቫ 21 ላይ መሥራት የሚችለው ከ8.5 ጀምሮ ያለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጃቫ 17ን ለብቻው ጫንሁና በፍላተር ኮንፊግ ትእዛዝ፣ ጄዲኬ ዲር (--jdk-dir) በሚባለው አማራጭ፣ የተጫነበትን ፎልደር አመለከትሁ። የመሣሪያዎቹን ሁኔታ የሚመረምረው የፍላተር ዶክተር ትእዛዝም አዲሱን የጃቫ አድራሻ አሳየ፤ ፕሮጀክቱም ተነሣ። ግሬድሉን ማሳደግም ይቻላል፤ ሆኖም ግሬድል አንድሮይድን እንዲገነባ የሚያስችለው ተጨማሪ፣ የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊኑ፣ ቅጂ አብሮ መጣጣም ስላለበት፣ እኔ የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ግንባታ ግሬድልን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ይዘገያል፤ ቆሟል ብሎ ማቋረጥ አይገባም።