ዴኩ የሰርጉን ሲዲ እምቢ ሲል

ሰፈር ውስጥ «እሱ ያውቅበታል» ከተባልኩ ወዲህ የማይመጣልኝ ዴክ (ዲቪዲ ማጫወቻ) የለም። አንዱ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል፣ ሌላዋ ጎረቤት ከበር ቆመው «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ እየው» ይላሉ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ዴኩ ተበላሸ። ሳየው ግን ብዙ ጊዜ ዴኩ ምንም አልሆነም። ወይ ሲዲው ነው (ዲቪዲውንም ሲዲ ነው የምንለው)፣ ወይ ሁለቱ አልተግባቡም። ስለዚህ አዲስ ልትገዙ ከመውጣታችሁ በፊት ጥፋተኛውን እንለይ።

ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲና ቪዲዮ ቤት ራይት የተደረገ ዲቪዲ መልካቸው ቢመሳሰልም አሠራራቸው ለየቅል ነው። የፋብሪካው ፕላስቲክ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታተሙና በብረት ይለበጣል። ራይት የሚደረገው ውስጡ ቀለም አለው፤ ሌዘሩ የሚጽፈው ያንን ቀለም እየለበለበ ነው። ዴኩ ደግሞ የሚያነበው ከዲስኩ ተመልሶ የሚመጣለትን ብርሃን ነው። የፋብሪካ ዲስክ፣ ባለ አንድ ንብርብር ከሆነ፣ ቢያንስ 45 ከመቶውን ይመልሳል፤ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ደህና ዲቪዲ አርም እንደዚያው። እየተሰረዘ እንደገና የሚጻፍበት አርደብሊው ግን ከ18 እስከ 30 ከመቶ ብቻ ነው። ዓይኑ ለደከመ ዴክ ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም።

«ኖ ዲስክ» ይላል፣ የተገዛ ፊልም ግን ያጫውታል

ሌላ ራይት የተደረገ ሲዲ ክተቱበት፣ ቢቻል ሌላ ዓይነት። እሱን ካጫወተ ዴኩን ተዉት፣ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሲዲ ነው። ሁሉንም እምቢ ካለ ሌንሱ አቧራ ይዟል፣ ወይም ደክሟል፣ ወይም ዴኩ ድሮውኑ ያንን ዓይነት አያውቀውም። ዲቪዲ አር ሁለት ዓይነት ነው፦ ማይነስ አር እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የወጣው፣ ፕላስ አር ደግሞ በ2002፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ዴክ ፕላስን ባያውቅ አይፈረድበትም። ፕላስ አር ላይ ራይት የሚያደርግላችሁ ሰው ዲስኩን «ዲቪዲ ሮም ነኝ»፣ ማለትም የፋብሪካ ነኝ፣ እንዲል አድርጎ መጻፍ ይችላል፣ ማሽኑና ፕሮግራሙ ከፈቀዱለት። አንዳንድ ግትር ዴክ በዚህ ይታለላል። ማይነስ አር ላይ ግን አይሠራም።

ሌላው ምክንያት ፋይናላይዝ አለመደረጉ፣ ማለትም ሌላ ዴክ እንዲያነበው ቅጂው ተዘግቶ አለማለቁ ነው። ከቴሌቪዥን በዲቪዲ መቅጃ የተቀዳ ነገር እዚያው መቅጃው ላይ ይታያል፣ ጎረቤት ዴክ ላይ አይታይም። ወደ መቅጃው መልሱትና ከሜኑው ፋይናላይዝ በሉት፣ አለቀ።

ደህና ይጀምርና መጨረሻው ላይ ስታክ ያደርጋል

ይሄኛው የሰርግ ሲዲ በሽታ ነው። ሽማግሌዎቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣም ጥሩ ነው፣ ልክ ኬክ ሊቆረስ ሲል ምስሉ ድርቅ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዲቪዲ የሚጻፈውም የሚነበበውም ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ ጣት ይበዛል፣ ጭረት ይበዛል፣ ርካሽ ዲስክም ጥራቱ የሚወርደው እዚያ ነው። በዚያ ላይ ካሜራማኑ ሰኞ ሊያስረክብ ቸኩሎ በ16 ፍጥነት ራይት ካደረገው፣ ያ ፍጥነት የሚደርሰው ጠርዙ ላይ ነው።

በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ግን እንደ ሰሃን እያዞራችሁ ሳይሆን ከመሃል ወደ ውጪ ቀጥ አድርጋችሁ። ካልሆነ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፤ የኮምፒውተር ማንበቢያ ዴክ ያቃተውን ብዙ ጊዜ ያነባል። ከዚያ ወደ ሀርድ ዲስክ ገልብጣችሁ በ8 ፍጥነት አዲስ ላይ ጻፉት። ዲስኩን እስከ ጢሙ አትሙሉት። 4.7 ጊጋ የተባለው ኮምፒውተር ላይ 4.38 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ከእሱም ጥቂት ተዉለት። የሙሽሮቹን ፎቶ በወረቀት አትሞ ሲዲው ላይ መለጠፍ ደግሞ ያምራል፣ ነገር ግን ወረቀቱ ትንሽ ካጋደለ ዲስኩ ሲሽከረከር ይንገዳገዳል። የተላጠም ሲዲ አጋጥሞኛል።

ሁሌም መሃል ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ የሚቆም ከሆነ 8.5 ጊጋ የሚይዘው ባለ ሁለት ንብርብር ሊሆን ይችላል። ዴኩ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሻገር ይደናቀፋል። ለሁለት ተራ ዲስክ ከፋፍሉት።

ዲቪዲ ያጫውታል፣ የድሮ ቪሲዲና የዘፈን ሲዲ ግን አይነካም

ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። ዴኩ ውስጥ ለዲቪዲና ለሲዲ የተለያየ ሌዘር አለ፤ የዲቪዲው 650 ናኖሜትር ቀይ ነው፣ የሲዲው 780፣ በዓይን የማይታይ። አንዱ ሲደክም ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ማጽዳት ካልረዳ ሌንሱን ከነቤቱ ማስቀየር ነው፣ ዋጋው ካዋጣ።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ወይም ይንከባለላል፣ ድምፁ ግን አለ

ከአሜሪካ የተላከ ሰርግ ነው አይደል? እዚያ የቴሌቪዥኑ የምስል ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ነው፣ እኛ ጋ ፓል። ዴኩ ሴታፕ ውስጥ ገብታችሁ የቲቪ ሲስተሙን «መልቲ» ወይም «አውቶ» አድርጉት። ሪጅን የሚል መልእክት ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሪጅን ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ የሚለይ ቁጥር ነው። ከሱቅ የተገዛ የአሜሪካ ፊልም ሪጅን 1 ነው፣ ኢትዮጵያ 5 ውስጥ ናት። ቤት ውስጥ ራይት የተደረገ አብዛኛውን ጊዜ ሪጅን የለውም።

ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ዴክ ላይ አይሠራም

ኤምፒ ፎር ፋይል እንዳለ ዲስክ ላይ ገልብጠውላችኋል። የድሮ ዴክ ያንን አያውቅም። «የቪዲዮ ዲቪዲ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» በሉ።

አሁን መግዛት የግድ ከሆነ። ውድ ሁሉ ጥሩ አይደለም። እንዲያውም ርካሾቹ ያገኙትን ሁሉ ሲያጫውቱ፣ ስመ ጥሩዎቹ ሲመርጡ አይቻለሁ። ካርቶኑ ላይ ፕላስም ማይነስም አርደብሊውም መጻፉን እዩ። ቴሌቪዥናችሁ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መሰኪያ አለው ወይስ ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ ይሄንንም ከቤት ስትወጡ አረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አስከፍታችሁ ቆዩ፣ ሲሞቅ የሚያብድ አለና። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ እሺ። እኔ አጎቴ ይዞልኝ የመጣውን ሳላነብ ሰካሁት። 120 ብቻ ነበር። ሽታው ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ቆየ።

ከሁሉም በላይ ግን የራሳችሁን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ይበቃል፦ ያስቸገራችሁ የሰርግ ሲዲ፣ አንድ አርደብሊው፣ አንድ ቪሲዲ። የሰርጉ ቅጂ ደህና ከሆነና ኮምፒውተር ላይ እስከ መጨረሻው ከሄደ፣ ለዴክ ከሱ የተሻለ ፈታኝ የለም። ሻጩ «ሁሉንም ያጫውታል» ብሎ የራሱን ክሊፕ ይከፍትላችኋል። ቆንጆ ነው፣ የፋብሪካ ነዋ። አመስግኑትና የእናንተን አስገቡ፣ መጀመሪያውን አትዩ፣ በሪሞት ዝለሉና ኬኩ ጋ ሂዱ። ከተቆረሰ ዋጋ ተከራከሩ። ካልተቆረሰ ሲዲያችሁን አስወጡና ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።