ራኩንን ከአጋዘን መመገቢያ ያራቅኩበት ዘዴ

ቴክሳስ ውስጥ ከከተማ ወጣ ያለ መሬት ባለው ሰው ዘንድ የአጋዘን መመገቢያ የተለመደ ዕቃ ነው። ባለ ሦስት እግር በርሜል ነው፤ ከሥሩ በባትሪ የምትሽከረከር ትንሽ ሳህን አለች። ሰዓቷ ሲደርስ በቆሎውን ዙሪያውን ትበትነዋለች።

የእኔን በቆሎ ሲበላ የከረመው ግን ራኩን የሚባለው ዛፍ ላይ የሚወጣ ትንሽ የዱር እንስሳ ነው። በካሜራ እንዳየሁት፣ ሌሊት በብረቱ እግር ቧጦ ይወጣና ሳህኗን በእጁ ያሽከረክራታል። እጁ እኮ የሰው ነው የሚመስለው! በቆሎው ዝርግፍ ሲል ቤተሰቡ ከታች ይለቅማል።

ሳህኗን በብረት ፍርግርግ ከለልኳት። በቆሎው በዘንጎቹ መሃል ይወጣል፣ የራኩኑ እጅ ግን ሳህኗ ጋ አይደርስም። እግሮቹን ደግሞ በልሙጥ ቆርቆሮ ጠቀለልኳቸው። ሸንተረር ያለው አይሆንም፤ ጥፍሩ የሚይዘው ካገኘ መውጣቱ አይቀርም። በርሜሉ ላይ ያዘነበለውን ቅርንጫፍም ቆረጥኩ። ግሪስ ቀባው ያሉኝ ነበሩ። አልወደድኩትም፤ አቧራ ይይዛል፣ የእንስሳውንም ፀጉር ያበላሻል።

ሰዓቷንም ጠዋት ላይ አደረግኳት። አምሽቶ የተበተነ በቆሎ ሌሊት ለሚወጣው ራኩን ግብዣ ነው።

የቀረው የዱር አሳማ ነበር። ለእሱ 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጠንካራ የሽቦ አጥር ዙሪያውን አጠርኩ። አጋዘን ዘሎ ይገባል፣ አሳማ ግን ያቅተዋል። አጥሩ ሰፋ ይበል፤ አጋዘን በደንብ የሚያርፍበት ቦታ ካላየ ለመዝለል አይደፍርም።

ወፎቹን ትቻቸዋለሁ። የሚበሉት ያን ያህል አይደለም።