የሞተር ታንክ ሲሰረጎድ

መዶሻ አታንሳ። መጀመሪያ ታንኩን ፈትተህ ቤንዚኑን ከውስጡ አውጣ፤ ከዚያ በኦሞ ውሃ ደጋግመህ እጠበው። የሚቀረው ትነት በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል፤ እባክህ ከሰል አጠገብ አትሥራ።

ቀለሙ ካልተሰነጠቀ እኔ የምመርጠው በሙጫ ሽጉጥ የሚቀልጠውን ትኩስ ሙጫ ነው። ስርጉዱን በስፒርቶ እጠርጋለሁ። ራሰ ሰፊ ብሎን ለጥፌ፣ ሙጫው ሲጠነክር በፒንሳ ቀጥ አድርጌ እስባለሁ። ከጠርዙ ጀምሬ ወደ መሃል ነው የምሄደው። የእኛ የደብረ ማርቆስ ብርድ ሙጫውን ሳይዝ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ታንኩን ፀሐይ ላይ አሙቀው። ሙጫውን ስታነሳ ስፒርቶ አስነካው፣ በቢላ አትፋቀው።

የፈላ ውሃ ለፕላስቲክ እንጂ ለላሜራ ብዙም አይረዳም።

ጎሚስታ ቤት አየር አታስሞላው! ብየዳው ሊተረተር ይችላል። ስርጉዱ ስለታም እጥፋት ካለው ለባቲላሜራ ስጠው።