ዘመድ ውጭ ሀገር ሲሞት፦ ድንኳን ከመተከሉ በፊት

እኛ ሰፈር አሸዋ ሜዳ ውስጥ አረብ ሀገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ነግ በኔ ነው። የአክስቴ ልጅ ኩዌት ያረፈች ግዜ ሩጫው እኔ ላይ ወደቀ፣ ያየሁትን ልጻፍላችሁ፣ በተለይ እኛ ያጠፋነውን።

ወሬው ብዙ ግዜ በኢሞ ነው ሚመጣው፣ ማታ ሶስት አራት ሰአት ላይ ጓደኛዋ እያለቀሰች ትደውላለች። እዛው ብድግ ብላችሁ እናትየው ጋ እንዳትሮጡ። ደዋይዋን አረጋግታችሁ ጠይቁ፣ በአይኗ አይታለች ወይስ ሰምታ ነው፣ ሆስፒታሉ ማን ይባላል፣ የአሰሪዋ ስልክ አላት ወይ፣ የፓስፖርት ወይ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ፎቶ መላክ ትችላለች ወይ። ራሷን ስታ የተኛች ወይ ፖሊስ የያዛት ልጅም ሞተች ተብላ ሊወራባት ይችላል። ከዛ እዛ ሀገር ያለው ኤምባሲያችን ወይ ቆንስላ ጋ ደውሉ። ቀኑንም አስቡት፣ ኩዌትና ሳውዲ አርብና ቅዳሜ ዝግ ነው፣ እኛ ደሞ እሁድ፣ ሀሙስ ማታ የሰማችሁት ነገር እስከ ሰኞ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ኤምሬትስ ግን በፈረንጅ ከ2022 ወዲህ እረፍታቸው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ አርብ እስከ ግማሽ ቀን ይሰራሉ።

እስከዛ የአጎት የአክስት ልጆችን በሙሉ ሰብስባችሁ ማንም ፎቶዋን ሻማ አብርቶ ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፍ አስጠንቅቁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በፌስቡክማ ጭራሽ። ነገሩ ሲረጋገጥ የእድሩ ሽማግሌዎችና የንስሃ አባት ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ፣ እናትየው ስኳር ወይ ደም ግፊት ካለባት መድሃኒቷን መውሰዷን አይታችሁ።

አሁን ዋናው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡና እሱ ብቻ ይደውል፣ እሱ ብቻ ይፈርም። እኛ አምስት ሆነን ነበር ምንደውለው፣ አንዱ ሬሳው ይምጣ ይላል ሌላው እዛው ትቀበር ይላል፣ እዛ ያለው ሰው ማንን ይስማ? ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቶሎ እዛው መቅበርን ይመርጥ ይሆናል፣ ያኔ የቤተሰብ ስምምነት በጽሁፍ ይፈለጋል፣ እዚህ ሰላተል ጋኢብ፣ ሬሳው በሌለበት ሚሰገደው ማለት ነው፣ ይሰገድላታል። ይምጣ ከተባለ ግን ወረቀቱ ይበዛል፣ የሞት ማስረጃ፣ የአስከሬን ማድረቂያ (ሬሳው እንዳይበላሽ በመድሃኒት የተያዘበት) ማስረጃ፣ ፓስፖርት፣ የኤምባሲ ደብዳቤ፣ ፖሊስ ጉዳዩን ጨርሻለሁ ያለበት ወረቀት፣ የካርጎ ሰነድ። ፖሊሱ ካልጨረሰ ሬሳው ከፍሪጅ አይወጣም።

ከናንተ ሚፈለገው ደሞ ዝምድናችሁን ሚያሳይ ማስረጃና ውክልና ነው። እኛን የጎዳን እዚህ ጋ ነው። ልጅቷ የሄደችው በሌላ ስም ነበር፣ የክርስቲያን ልጅ ሆና ፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም፣ እድሜዋም ተጨምሮ፣ ይሄ በዛ ዘመን ስንቱ ያረገው ነገር ነው። ቀበሌ ሄደን በቤት ስሟ አጻፍን። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ «ይቺ ሌላ ሰው ናት» ተብሎ ተመለሰ፣ ስድስት ቀን ባከነ። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ፓስፖርቷን እዩ፣ ደብዳቤው ላይ ሁለቱም ስም ይግባ፣ አንድ ሰው መሆኗም ይጠቀስ፣ ቀበሌው አልጽፍም ካለ ፍርድ ቤት ሊልካችሁ ይችላል። እንደኛ ሸገር ከተማ ስር ከሆናችሁ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ነው ሚወጣው፣ ህጋዊ ተርጓሚ ጋ ውሰዱት። ውክልናው ሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረማል፣ ከዛ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። ስታስጽፉ ሬሳውን ብቻ አትበሉ፣ ያልተከፈለ ደሞዝ፣ ኢንሹራንስ፣ እቃዋ፣ ስልኳ፣ የፖሊስ ጉዳይ መከታተል፣ ሁሉም ይግባ፣ ሁለተኛ ብር ከፍላችሁ እንዳትመለሱ።

ብር ለማዋጣት አትቸኩሉ። በህጋዊ መንገድ በኤጀንሲ ከሄደች ውሉን አውጡና ስለ ኢንሹራንስና አስከሬን ስለመላክ ሚለውን ፈልጉ። የውጭ ሀገር ስራ ስምሪት አዋጁ፣ ቁጥር 923/2008 ማለት ነው፣ ኤጀንሲውንና አሰሪውን በጋራም በተናጠልም ተጠያቂ ያረጋል። የኛ ኤጀንሲ ሰዎች «ኮንትራቷ አልቋል አያገባንም» ብለው በቃል ሸኙን። በደብዳቤ ስንመጣ፣ ግልባጭ ለስራና ክህሎት ሚኒስቴር ሚል ከስር ሲያዩ፣ ወንበር አመጡልን። በቃል አትከራከሩ፣ ጻፉና ግልባጫችሁ ላይ ገቢ አስመቱ። ከአሰሪ ጠፍታ ምትሰራ ከነበረች ግን ከባድ ነው፣ ያኔ እዛ ያሉት የሀገር ልጆች ናቸው ሚደርሱት። መዋጮው በሶስት ሰው ፊርማ በሚወጣ አካውንት ይሁን፣ «እኔ አስልክላችኋለሁ» ብሎ ቴሌብር ቁጥር ሚልክ ደላላ አይጠፋም።

«ምንም ጥያቄ የለንም» ሚል ወረቀት ከመጣ ተረጋግታችሁ አንብቡ፣ በአረብኛ ከሆነ አስተርጉሙ፣ ሬሳው ቶሎ ይመጣል እያሉ ነው ሚያስፈርሙት። የሞት ማስረጃው ላይ ልብ ቆመ ተብሎ ከተጻፈም ልብ የማይቆምበት ሞት የለም፣ ለምን እንደሞተች አይናገርም። ከፎቅ ወደቀች ራሷን አጠፋች ከተባለና ካላመናችሁ የፖሊስና የህክምና ሪፖርቱን ሬሳው ሳይነሳ ጠይቁ፣ እዚህም ሳይቀበር ለፖሊስ አመልክታችሁ ምርመራ ይታዘዝ። አንዴ አፈር ከገባ በኋላ ማስወጣት ሌላ መከራ ነው።

ድንኳን ደሞ የበረራ ቁጥርና ቀን ሳይያዝ አታስተክሉ። እኛ «ነገ ትገባለች» ሲሉን ተከልን፣ ዘጠኝ ቀን ቆመ፣ እናትየው በየቀኑ እንደ አዲስ፣ የእድሩ ሰው ንፍሮው ቡናው አልቆበት።

ቦሌ ካርጎ ሁሉንም ለቀስተኛ አያስገቡም፣ መታወቂያና ሰነድ የያዙ አንድ ሁለት ሰዎች ይግቡ፣ ሌላው ውጭ ይጠብቅ። ሳጥኑ ውስጡ በብረት የታሸገ ነው፣ ይከብዳል፣ ፒክአፕ ወይ አይሱዙ ያስፈልጋል፣ ጎበዝ ጎበዝ ወንዶችም። በፎርክሊፍት ሲያወርዱት ላዩ ላይ የተለጠፈው ስም በእንግሊዝኛ ነበር፣ አባቷ ጠጋ ብለው ፊደል እየቆጠሩ «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ። በር ላይ ሆኖ ስለ ፓስፖርት ስም ለአባት ማስረዳት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፣ ቀድማችሁ ቤት ንገሯቸው። ሳጥኑ ይከፈት አይከፈት ሚለውም እዛው ቤት ይለቅ፣ ቀናት ቆይቶ የመጣ አስከሬን ነው፣ እናት ባታየው ይሻላል ባይ ነኝ፣ የግድ ከተባለ አንድ ልበ ደንዳና ዘመድ አይቶ ይመስክር።

ከቀብር በኋላ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ባንክ ብር ካላት ወራሽነት ከፍርድ ቤት ነው ሚወጣው፣ ነዋሪነቱ አዲስ አበባ ከሆነ የከተማው ፍርድ ቤት። ሻንጣዋ ሲመጣ ስልኳን ልጆቹ ፎርማት አርገው እንዳይጫወቱበት ደብቁት፣ ደሞዝ ስትጠይቅ ከማዳሟ ጋ የተጻጻፈችው ዋትሳፕ እዛ ውስጥ ነው ያለው።