የድሮ የመኪና መፍቻዎችን በጎጃም መሰብሰብና መለየት

አሮጌ የመኪና ጥገና መሣሪያ ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ ማጉያ መነጽርና ደብተር ሊያዘጋጅ ይገባዋል። ከሦስቱ የሚበልጠው ደብተሩ ነው፤ የመፍቻውን አፍ በማንኛውም ጊዜ መለካት ሲቻል፣ መፍቻው በየትኛው ጋራዥ ለየትኛው መኪና እንደዋለ የሚያስታውሱት አንጋፋ መካኒኮች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸው።

በጎጃም የሚገኘው አሮጌ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የመጣ ሳይሆን ከየዘመኑ መኪና ጋር ተከታትሎ የገባ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ በቆየባቸው ዓመታት የፊያትና የላንቺያ የጭነት መኪኖች ከነመፍቻቸው መጡ። ከነጻነት በኋላ የእንግሊዝ መኪኖች፣ በተለይም ላንድሮቨር፣ ከዚያም ቮልስዋገንና ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት ፊያት፣ ቀጥሎም የጃፓኑ ቶዮታ ተከተሉ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ የሶቭየት ኅብረት መኪኖች በረከቱ። ሆኖም የሩሲያ ፊደል የተቀረጸበት መሣሪያ ሁሉ የደርግ ዘመን ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ስለሆነ፣ በዚያች ከተማ የሚገኝ የሩሲያ መፍቻ ከአብዮቱ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል።

የመለየቱ ሥራ የሚጀምረው ከመፍቻው አፍ ነው። የጣሊያን፣ የጀርመን፣ የሶቭየትና የጃፓን መፍቻዎች በሚሊሜትር የተሠሩ ሲሆኑ፣ በእጀታቸው ላይ ያለው ቁጥር የአፋቸውን ስፋት በቀጥታ ይናገራል። የአሜሪካው በብዛት እንዲሁ የአፉን ስፋት ይናገራል፤ ልዩነቱ በኢንች ክፍልፋይ መሆኑ ነው፤ 1/2 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲለካ 12.7 ሚሊሜትር፣ 9/16 የሚለው 14.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው የእንግሊዙ ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባቀረበው የቡሎን ጥርስ ሥርዓት መሠረት በተሠራ መፍቻ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የመፍቻውን አፍ ስፋት ሳይሆን የቡሎኑን ግንድ ውፍረት የሚያመለክት በመሆኑ፣ 1/4 የተጻፈበት መፍቻ ሲለካ 13.3 ሚሊሜትር፣ 3/8 የተጻፈበት ደግሞ 18 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩና ልኩ በዚህ መንገድ ሳይገጣጠሙ ከቀሩ መሣሪያው የእንግሊዝ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። በአንድ አፍ አጠገብ ሁለት ክፍልፋዮች፣ ለምሳሌ 1/4 እና 5/16፣ ተጽፈው ሲገኙ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል፤ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ደቃቅ ጥርስ ቡሎን ጭንቅላቱ ከዊትዎርዙ በአንድ ደረጃ ያነሰ ስለነበር ያው አንድ መፍቻ ለሁለቱም ያገለግል ነበር።

ልኩ ሲወሰድ የካሊፐሩ ጫፍ ወደ አፉ ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት። በብዙ ሥራ ብዛት የመፍቻው ከንፈር ስለሚከፈት፣ ጫፉ ላይ ብቻ የተወሰደ ልክ ከእውነተኛው ይበልጣል። በሞረድ ተፍቆ የሰፋ አፍም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ የሞረዱ ጭረት በማጉያው ሲታይ ይለያል። ልኮች የሚቀራረቡባቸው ቦታዎችም አሉ፤ የ3/4 ኢንች አፍ 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ19 ሚሊሜትሩ በካሊፐር መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል፣ እዚያ ላይ የሚፈርደው ጽሑፉ ብቻ ነው። አፎቹ 10 በ12 እና 14 በ17 ሆነው የተጣመሩ መፍቻዎች ሲገኙ በመጀመሪያ የጃፓንን መኪና ማሰብ ይበጃል።

ቀጥሎ የሚነበበው ምልክቱ ነው። ጽሑፉ በዝገት ከተሸፈነ ነጭ ጠመኔ ቀብቶ በጨርቅ መጥረግ፣ ወይም ስስ ወረቀት አልብሶ በእርሳስ መፋቅ፣ አለዚያም ባትሪ ከጎን አብርቶ ፎቶ ማንሣት ፊደሉን ያወጣዋል። ሀዜት፣ ጌዶሬና ሽታልቪለ የጀርመን፣ ኡዛግና ቤታ የጣሊያን፣ ኪንግ ዲክ የእንግሊዝ፣ ስናፕ ኦን የአሜሪካ ስሞች ናቸው። የጀርመን መሣሪያ ላይ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1990 መካከል ነው። ወደ ላይ የሚያመለክት ባለ ሦስት ጭረት ቀስት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ ዓመተ ምሕረት ይገኛል፤ እንዲህ ያለው መፍቻ ከጦር መኪና ጋር የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ ቢዝግም አይጣል። በአሜሪካ መሣሪያ ላይ የፈጠራ መብት ቁጥር ከተገኘ ዘመኑን መገመት ይቻላል፤ የአገሪቱ ቁጥር አንድ ሚሊዮን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1911 (ያም ቁጥር የተሰጠው፣ እንደ አጋጣሚ፣ ለተሽከርካሪ ጎማ ነው)፣ ሁለት ሚሊዮን የደረሰው በ1935፣ ሦስት ሚሊዮን የደረሰው ደግሞ በ1961 ነው። ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴም የሄንሪ ፊሊፕስ ብሎን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ መኪና ላይ ከመዋሉ በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። የፈጠራ መብት ቁጥሩና የመስቀል ጫፉ የሚነግሩን መሣሪያው ከዚህ ጊዜ በፊት አልተሠራም የሚለውን እንጂ በዚህ ዓመት ተሠራ የሚለውን አይደለም፤ አንድ ፋብሪካ የድሮውን ቅርጽ ማውጫ ለብዙ ዓመታት ሊጠቀምበት ይችላልና።

ከተራው መፍቻ ይልቅ የሰብሳቢውን ዓይን ሊስብ የሚገባው ለአንድ የተወሰነ ሥራ ብቻ የተሠራው መሣሪያ ነው። እንደ ቱቦ ክፍት የሆነ፣ በጎኑ የብረት ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ያለውና አፉ 52 ሚሊሜትር የሆነ ትልቅ መፍቻ ከተገኘ የላንድሮቨር የጎማ ኩሽኔታ ዳዶ መፍቻ ነው። 36 ሚሊሜትር የሆነው ደግሞ ለቮልስዋገን የኋላ አክስል ዳዶ ያገለግል ነበር፤ ዳዶው እጅግ ተጠብቆ የሚታሰር ስለሆነ ይህ መፍቻ ብዙውን ጊዜ እጀታው ላይ ቱቦ እየተሰካበት ስለሚሠራ ተጠማዝዞ ወይም ተሰንጥቆ ይገኛል። በጎጃም በኩል ልዩ ትኩረት የሚገባው የፍሬን መሣሪያ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣ የጭነት መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ስለሆነ፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አሮጌ ጋራዦች የፍሬን ሞላ መሳቢያ፣ የከበሮ መንቀያና የፍሬን ሸራ ምስማር መምቻ እያሉ መጠየቅ ያዋጣል።

በእኔ ግምት ግን ከፋብሪካ ከወጣው ይልቅ መካኒኩ ራሱ የሠራው መሣሪያ ይበልጣል። ትክክለኛው መሣሪያ በማይገኝበት ጊዜ የኛ መካኒኮች መፍቻ በእሳት አግለው አጥፈዋል፣ ሁለት ቡሶላ (ዳዶውን ከላይ የሚያለብስ መፍቻ) በብየዳ አጋጥመዋል፣ ከአሮጌ ባልስትራ መንቀያ ቀጥቅጠው አውጥተዋል። የውጭ አገር ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን «የተበላሸ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሀዜትን የሚሸጥለት ሱቅ በየአገሩ ሲኖር፣ የፍኖተ ሰላም መካኒክ ለኤንትሬ ካምቢዮ ብሎ ያጠፈው መፍቻ ግን ሌላ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ የታጠፈውን ለማቃናት፣ የብየዳውን ጉብታ በመፍጫ ድንጋይ ለማስተካከል መሞከር የለበትም።

መሣሪያው የሚገኘው በሦስት ቦታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ እነርሱም አሮጌ ጋራዦች፣ ቆራሌዎችና ቀጥቃጮች ናቸው። ቀጥቃጭ ጥሩ ብረት ሲያገኝ ወደ መጥረቢያ ወይም ማጭድ ስለሚለውጠው ከእርሱ ዘንድ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ከቆራሌ ሲገዛ ሒሳቡ በኪሎ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የመጣበትን ቦታ መጠየቅና አዲስ ተሰርቆ የመጣ የሚመስለውን አለመግዛት ግዴታ ነው። ጋራዥ ሲገባ ደግሞ ስለ ዋጋ ከመጀመር ይልቅ «አያ፣ ይኼ ለየትኛው መኪና ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መካኒኩ መሣሪያውን በእጁ ይዞ እንዴት ይሠራበት እንደነበር ሲያሳይ ማየት ከማንኛውም የፋብሪካ የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ በላይ ያስረዳል፤ ፈቃዱ ከሆነም በስልክ መቅረጽ ነው።

የማጽዳቱ ሥራ በመጠኑ መሆን አለበት። በመጀመሪያ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ አርሶ የደረቀውን ግራሶ ማስለቀቅ፣ ከዚያ በናስ ብሩሽ መፈተግ ይበቃል። ዝገቱ ጽሑፉን ከደበቀ አቼቶ ውስጥ አሳድሮ፣ ቤኪንግ ሶዳ በበዛበት ውኃ አጥቦ፣ ወዲያውኑ ማድረቅ ይቻላል። ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባውን ግን አቼቶ ውስጥ ማቆየት ልባሱን ሊያነሣው ይችላል። የባትሪ አሲድ በፍጹም አይነካ፤ ጠንካራ አሲድ የጠነከረን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ለሰውም አደገኛ ነው። መፍጨትና በመፍጫ ድንጋይ ማብረቅ የፋብሪካውን ፊደል ያጠፋል፤ የጠፋ ፊደል ደግሞ አይመለስም።

የክረምቱን እርጥበት ለመከላከል ስስ የሞተር ዘይት በጨርቅ ቀብቶ በደረቅ የእንጨት ሣጥን ማስቀመጥ በቂ ነው። አካባቢያችን የኑግ አገር በመሆኑ የኑግ ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ይህ አይመከርም፤ የኑግ ዘይት በአየር ላይ ሲቆይ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይያያዛልና። በቆዳ ጠቅልሎ ማስቀመጥም ቆዳው የተለፋበት ነገር ብረቱን ስለሚያዝግ ይቅር። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ በክር የታሰረ ቁጥር ያለው ካርቶን ይንጠልጠል፤ ያው ቁጥር በደብተሩ ላይ ይጻፍና ከሥሩ የአፉ ልክ፣ በላዩ ያለው ጽሑፍ እንደሰፈረ፣ የተገኘበት ከተማና ጋራዥ፣ ይሠራበት የነበረው መኪና፣ እንዲሁም ሰጪው የነገረው ነገር በራሱ አነጋገር ይመዝገብ። ቁጥሩን በብረቱ ላይ መቅረጽ ግን አይፈቀድም።